የነገደ ፊላ መቀመጫ

ቢያድግልኝን መጀመሪያ የመታችው እኅቱ አንጓች ናት። ይህን ማንም አይክድም፤ እሷም አትክድም።

ቀኑ ሚያዝያ አሥር፣ 2079 ዓ.ም. ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምክር ቤቱ ጀልባ ሰውየውን ጉማሪ ሐይቅ ወደብ ላይ አራግፎት ተመለሰ። ነገደ ፊላ የሚባለው በሐይቁ ደንገል መሐል የሚኖረው ሕዝብ ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ጎረምሳው ሳይቀር ዳርቻው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ድምፅ ማጉያው ከጧት ጀምሮ አንድ ነገር ሲደጋግም ነው የዋለው፦ «የነገደ ፊላ ተወካይ በተገኙበት የምሥራቁ ዳርቻ ምንጣሮ ጸድቋል። የነባር ሕዝቦች ድምፅ ተሰምቷል። እናመሰግናለን።» ሰዉን ይበልጥ ያነደደው ያ «እናመሰግናለን» የሚሉት ነገር ነው። ምስጋናው ገና ሳያልቅ የምክር ቤቱ ማጨጃ ማሽኖች ገብተው ሰባት ቤት ከነአጥሩና ከነታንኳው ጠርገዋል፤ አንደኛውን ቤት ደግሞ ከነአሮጊቷ።

«እምቢ ብያለሁ!» አለ ቢያድግልኝ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ። «በእናቴ አጥንት እምቢ ብያለሁ!»

አሥራ አራተኛ ጊዜው ነው። አሥራ አራት ጊዜ ወደ ምክር ቤት ሄዶ፣ አሥራ አራት ጊዜ «እምቢ ብያለሁ» እያለ ተመልሷል፤ አሥራ አራት ጊዜም ማጨጃ መጥቷል። ሰው ስንት ጊዜ ያምናል? ምክር ቤቱ የሰጠው ጫማ ደግሞ እግሩ ላይ ያብረቀርቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» አለ አንዱ ከኋላ። አንጓች የታንኳ መቅዘፊያዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ከሰው መሐል ወጣች። በፊላ ዘንድ በገዛ ወገን ላይ ሲፈረድ የመጀመሪያው ምት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ባዕድ ቀድሞ ከመታ ደም መፈላለግ ይመጣል። ቅርብ ዘመድ ካልመታ ማንም አይመታም። አንጓች ግን ለሥርዓቱ ብላ ብቻ አልመታችም፤ ከልቧ ነው የመታችው። አዝላ ያሳደገችውን ልጅ ጆሮ ግንዱ ላይ አገኘችው። «እታለም…» ብሎ ተንበረከከ። ከዚያ የሌላው ተራ ሆነ፤ ብዙም አልቆየም።

የሚገርመው ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ማጨጃዎቹ ቆሙ። በማግስቱ አልመጡም፤ በሳምንቱም አልመጡም። የምክር ቤቱ ዘቦች ማን እንደገደለ እንኳ አልጠየቁም። አርባ ቀን ሙሉ በምዕራብ የቀረው ደንገል ሳይነካ ሰነበተ፤ ከሁሉም ዳርቻ የተፈናቀለው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰው ተጨናንቆ የሚኖረው እዚያ ነው። ሕዝቡም «ከሃዲው ሲነቀል ክፋቱ አብሮ ተነቀለ» አለ። ለአንጓች ከየቤቱ ዓሣ ይመጣላት ጀመር። ዓሣውን ትቀበላለች፣ ትሰነጥቃለች፣ ጨው ነስንሳ ታሰጣለች፤ ወንድሟን አታነሳም። እንቅልፍ ግን ካጣች ሰንብታለች። ይህንንም፣ የሰባት ወር ልጇን አዝላ ጠዋት ማታ ለምትጠይቃት ለሴት ልጇ ለሙጪት እንኳ አልነገረችም።

በአርባ አንደኛው ቀን ዘቦች መጡ። ስለ ግድያው አይደለም፤ ስለ ምርጫው ነው።

«መቀመጫችሁ ክፍት ሆኗል» አለ አለቃቸው። «ያለ እናንተ ድምፅ አንዲት ሸንበቆ እንኳ እንዳትነቀል ሕግ ያዛል። መብታችሁ ነው። እስከ ማታ ካልመረጣችሁ መብታችሁን እናስከብራለን።»

የነገዱ ሽማግሌ አያ ዘገየ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ መብታችንን ካልፈለግነውስ?»

ዘቡ በትሕትና ቀኝ ክንዳቸውን ያዘና ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ጭራሮ ሰበረው። ሽማግሌው ጮኹ። ጩኸታቸው ሳያበቃ ግራውን ያዘ፤ እሱንም ሰበረው። ሌሎቹ ዘቦች ልጆችን ከእናቶቻቸው እጅ እየነጠቁ ጭነት መኪና ላይ ይደረድሩ ጀመር። አልለቅም ያለችውን በሰደፍ ጥርሷን ያረግፏታል፤ ልጁን የሚያነሱት ግን ቀስ ብለው ነው። መኪናው ላይ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ከተጫኑ በኋላ አያ ዘገየ ከተቀመጡበት መሬት ላይ ቀና አሉ።

«አንጓች ትሂድ» አሉ። «ወንድሟን ያልማረች እኛን አትሸጥም።»

ሰው ሁሉ ደስ አለው። ልጆቹም ከመኪናው ወረዱ።

በከተማው የምክር ቤት ማረፊያ ሁሉም ነገር በሰዓት ነው። ከጧቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ግድግዳው የፊላ ዘፈን እየዘፈነ ይቀሰቅሳታል፤ ዘፈኑን ፊላ ውስጥ ማንም ዘፍኖት አያውቅም። አንድ ሰዓት ላይ ጣቷን ወግተው ደሟን ይለኩና በሩ ላይ «ነባር» የሚል አረንጓዴ መብራት ይበራል። ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ የነገዱ ልብስ ይመጣል። ልብሱ የነብር ቆዳ መሳይ ነገር ነው፤ ዛጎል ተሰክቶበታል፣ የላባ ቆብም አለው። አንጓች በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነብር አይታ አታውቅም።

«ይኼ የኛ አይደለም» አለች። «እኛ እኮ ቀሚስና ነጠላ ነው የምንለብስ።»

«ፎቶው ላይ እንዲህ ነው» አላት አልባሹ፣ ቆቡን እያጠበቀ።

በሁለተኛው ሳምንት ኬብሮን የምትባል የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ መጣች። ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምፅዋም ለስላሳ ነው።

«ርክክብ ይቀረናል እናቴ» አለች። «የቀድሞውን ተወካይ ቃለ ጉባኤዎች ሰምተው መፈረም አለብዎት። አሥራ አራት ናቸው፤ አጫጭር ስለሆኑ አይሰለቹም።»

የቢያድግልኝ ድምፅ ከጠረጴዛው ውስጥ ወጣ። አንጓች ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«ቢያድግልኝ እባላለሁ፤ ከጉማሪ ሐይቅ ነኝ። ሕዝቤ እምቢ በል ብሎ ልኮኛል። እምቢ።»

ከዚያ የሊቀ መንበሩ ድምፅ ተከተለ፦ «እናመሰግናለን። ተመክሮበታል። ጸድቋል።»

ሁለተኛውም እምቢ ነው፤ ሦስተኛውም። በአምስተኛው ላይ ይለማመጣል፤ ልጆች አሉን ይላል። በዘጠነኛው ላይ ሲመቱት ይሰማል። መጀመሪያ ምቱ፣ ቀጥሎ የወንበሩ መንኳኳት፣ ከዚያ ሲያቃስት፣ ከዚያ ደም በሞላው አፍ ያው «እምቢ»። አሥራ አራተኛው ላይ ድምፁ ደክሟል። «አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እምቢ ማለቴን በድምፅ ማጉያው ተናገሩልኝ። ሰዎቼ አያምኑኝም። እኅቴ እንኳ ዓይኔን አታየኝም።»

«እናመሰግናለን። ተመክሮበታል። ጸድቋል።»

«አንቺ ልጅ!» አለች አንጓች። «እምቢ ብሏል እኮ!»

«አዎ፣ ሁሌም እምቢ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ እንዴት ጸደቀ?»

ኬብሮን ጥያቄው ገርሟት ቀና አለች። «ሕጉ ይማከሩ ነው የሚለው እንጂ ይስማሙ አይልም። ቀርበው ድምፃቸውን ካሰሙ ተማክረዋል ማለት ነው።»

«ከሞተ በኋላስ? አርባ ቀን ሙሉ ማጨጃው ለምን ቆመ?»

«መቀመጫው ባዶ ነበራ! ተወካይ ሲሞት አርባ ቀን ሐዘን ነው። አንድ መቀመጫ ከጎደለ ጉባኤ የለም፤ ጉባኤ ከሌለ ምንጣሮ የለም።» ከዚያ እንደ ቀላል ነገር ጨመረች፦ «ድሮማ ሞትም አያስፈልግም ነበር። ተወካይ ከቀረ ጉባኤው ለአንድ ወር ይራዘማል። የቆላው ሕዝብ ተወካይ እየቀሩ እየቀሩ ሁለት ዓመት አጓትተውታል። የእናንተው ተወካይ ግን አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም፤ እንዲያውም ከሰዓቱ ቀድመው ነበር የሚገኙት። ካለፈው መስከረም ወዲህ ነው የቀረን ሰው ዘቦች ሄደው የሚያመጡት።»

ፊላ ተልኮ ከሚቀር ሞቶ ቢቀር ይመርጣል። ልጅ ገና እሳት ጫሪ ተብሎ ሲላክ የሚማረው ይህንን ነው፤ የተላከ ይደርሳል፣ የተባለውንም ይናገራል። ቢያድግልኝም ታሞ ሄዷል፣ ሚስቱን በቀበረ በሦስተኛው ቀን ሄዷል። ያኔ እቤቱ ተኝቶ ቢቀር ኖሮ ስንቱ ዳርቻ ዛሬም ደንገል ነበር። ይህን ግን ከፊላ ሰው መሐል ማን ሊያስበው ይችላል? ያ የሚኮሩበት ነገራቸው ነው ማጨጃውን በር ከፍቶ ያስገባው።

አንጓች ጣቷን አስቀምጣ ፈረመች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ መቅዘፊያውን የጨበጠችበትን እጇን ደም እስኪወጣ ነከሰችው። ሥጋዋን ገድላለች። ንጹሕ ሰው ገድላ ሲያበቃ የደስታውን ዓሣ በልታለች።

ጉባኤው በማግስቱ፣ ሰኔ አንድ ቀን ተቀመጠ። ከጎኗ የተሰየሙት የቆላው ተወካይ ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ ቀጭን አዛውንት። ተራቸው ሲደርስ አፋቸውን ገጥመው ዝም አሉ።

«ድምፅዎን ያሰሙ» አለ ሊቀ መንበሩ።

አዛውንቱ ዝም። ካልተናገርኩ አልተማከርኩም ብለው መሆኑ ለሁሉም ገብቶታል። ሁለት ዘቦች መጡ። አንደኛው ትከሻቸውን ያዘ፤ ሌላው በብረት በትር ጉልበታቸውን መታ። አሁንም ዝም። ሌላኛው ጉልበት ተመታ። ሊቀ መንበሩ የሚቀጥለውን አጀንዳ እያገላበጠ ይጠብቃል። በአራተኛው ምት ላይ ጥርሳቸው ተሰብሮ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በስድስተኛው ላይ አጥንት ቀጭ ሲል ተሰማ፤ አዛውንቱም እንደሚታረድ በግ ጮኹ።

«እናመሰግናለን» አለ ሊቀ መንበሩ። «ተመክሮበታል። ጸድቋል።»

ኬብሮን ጻፈች። አንዲት ሴት መጥታ ደሙን ወለወለች። ወለሉ ሳይደርቅ የአንጓች ተራ ደረሰ።

«እምቢ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

«እናመሰግናለን። የምዕራቡ ደንገል ምንጣሮ በመጀመሪያ ንባብ ጸድቋል። ሁለተኛውና የመጨረሻው ንባብ ሰኔ ስምንት ይሆናል። እስከዚያ ተወካይዋ ሕዝባቸውን እንዲያማክሩ ይሸኙ።»

የሚነሣው ሕዝብ ወዴት እንደሚሄድ በዚያው ተነበበ። ከሐይቁ ዘጠና ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ደጋው ላይ፣ ባለ አሥራ ስምንት ፎቅ ቤት ተሠርቶለታል። በደንገሉ ቦታ የሚተከለው በሐይቁ ውሃ የሚሠራ የማሽን ማቀዝቀዣ ነው።

ልብሱን ልትመልስ ስትገባ ኬብሮን ወረቀት እያስተካከለች ታጉረመርማለች። «መቼም ይኼ ሥራ ጥድፊያ ብቻ ነው። ፈቃዱ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል። ያ ቀን ካለፈ ጥናቱ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ አንድ ጥናት ደግሞ ስድስት ዓመት ይፈጃል።»

አንጓች ቆቡን ይዛ ቀረች። «እንበልና እኔ ብሞትስ?»

«እሱን እንኳ ባይጠይቁ ይሻላል እናቴ።» ኬብሮን ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቀጽ ሃያ ሁለት። ራሱን ያጠፋ፣ ወይም ግደሉኝ ብሎ ያስገደለ ተወካይ መቀመጫ አጉዳይ ይባላል፤ ሐዘን የለውም። በማግስቱ ምትክ ይገባለታል። የእናንተም ሰፈር ጆሮ አለው አይደል?»

አለው። በየአምስት ቤቱ የተተከለውን የብረት ምሰሶ «ጆሮ» ነው የሚሉት፤ ቃል አያመልጠውም። ባልና ሚስት እንኳ ሲጣሉ ሐይቁ መሐል ገብተው ነው የሚጣሉት።

በጀልባው ላይ ከዘቦቹ መሐል ተቀምጣ ቀኑን ቆጠረች። ዛሬ ሰኔ ሁለት ነው። ከዛሬ አርባ ቀን ሐምሌ አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ፈቃዱ ያኔ ሞቷል። ስድስት ዓመት። በስድስት ዓመት የሙጪት ልጅ ታንኳ ላይ ይቆማል፤ ዋናም ይማራል። እንዴት ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች፤ ሕዝቡ ከሃዲን ምን እንደሚያደርግ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ግደሉኝ ማለት አያስፈልጋትም።

ግን ቢያድግልኝስ? እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አሁን ወደቡ ላይ ወርዳ «ወንድሜ አሥራ አራት ጊዜ እምቢ ብሏል፤ በደሉ የኛ ነው» ብትል ስሙ ይነጻል፣ የተጣለበት ጉድጓድም ይከበራል። እሷንም ያኔ ያምኗታል፤ ማንም አይነካትም። ሰኔ ስምንት ላይ ደግሞ በሕይወት ያለችውን አንጓችን ዘቦች እየጎተቱ ያስቀምጧታል፤ ዝም ብትል ጉልበቷን ሰብረው ያስጮኹዋታል፤ ደንገሉም ይሄዳል። የወንድሟን ስምና የልጆቹን ውሃ ሁለቱንም ማዳን አይቻልም። ጀልባው እስኪደርስ አለቀሰች። ዘቦቹ ንፋሱ ነው ብለው መነጽር ሰጧት።

ሕዝቡ ወደቡ ላይ ነበር። ድምፅ ማጉያው ምስጋናውን ጨርሷል። መቅዘፊያ ያልያዘ እጅ የለም፣ ከአያ ዘገየ በቀር፤ የሳቸው ክንዶች በጣውላ ታስረው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። ጆሮው ከራሳቸው በላይ ቆሟል።

«አንጓች» አሉ አያ ዘገየ። «ምን ብለሽ መጣሽ?»

ሙጪት ልጇን እንዳዘለች ሮጣ መጥታ ፊቷ ቆመች፣ ጀርባዋን ለእናቷ፣ ፊቷን ለሕዝቡ ሰጥታ። «እናቴ እምቢ ብላለች! አታውቋትም እንዴ? ንገሪያቸው እንጂ እማ!»

አንጓች የልጇን ማጅራት፣ ከዚያ በታች የሕፃኑን አናት አየች። ላብ ላብ ይሸታል።

«ተስማምቻለሁ» አለች። «ፎቅ ቤት ሰጥተውኛል፤ ሁለት ክፍል።»

ሕዝቡ እንደ ንብ አጉረመረመ። ሙጪት ዞረች።

«ውሸትሽን ነው። እማ፣ ውሸትሽን ነው። አጎቴስ? እሱም እንደዚህ ነበር?»

 ለአንድ ትንፋሽ ያህል ሁሉ ነገር አንጓች ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሱም» አለች። «ከኔም ይብሳል።»

አንዱ ለሙጪት መቅዘፊያ አቀበላት። ቅርብ ዘመድ እሷ ናት። ሙጪት መቅዘፊያውን ተቀብላ አየችው፤ ከዚያ መሬት ላይ ጣለችው።

«አልመታም» አለች። «የፈለጋችሁትን በሉኝ። እናቴን አልመታም።»

መቅዘፊያ የያዘ ሁሉ ክንዱ ላላ። አንድ ሁለት ሰው ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። አንጓች ሁሉን ስታስብ ይህን አላሰበችም። እሷ ወንድሟን ስትመታ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አላመነታችም፤ ሌላም ሰው የሚያመነታ አልመሰላትም። በሕይወቷ እንደዚያን ሰዓት በልጇ ኮርታ አታውቅም። ሄዳ ብታቅፋት፣ እግሯ ላይ ብትወድቅ ደስ ባላት።

«አንሺው» አለቻት። «የምታደርጊው ሌላ ነገር የለሽም። ልጅሽንም ጽፌዋለሁ።»

«ምን?»

«ልጅሽን። ደሙ ነባር ነው፤ ለወንበሩ ይሆናል አሉኝ። ሦስተኛ ክፍል ይጨምሩልኛል። ሰኞ መጥተው ይወስዱታል፤ እነሱ ዘንድ ያድጋል።» ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ከየት እንደመጣ እሷም አታውቅም። «ምን ታፈጪያለሽ? ሌላ ትወልጃለሽ።»

 ሙጪት አንቀልባውን ቀስ ብላ ፈታች፤ ሕፃኑን ሳታስነቃው አጠገቧ ለቆመችው ሴት አቀበለች። ጎንበስ ብላ መቅዘፊያውን አነሳች።

አንጓች ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈች። ልጅቷ መቅዘፊያውን ሁለተኛ ማንሳት እንዳይኖርባት፣ ጆሮ ግንዷን አዙራ ሰጠቻት።